«ላመለከተ ወሮታ እንከፍላለን»፦ ገንዘብ ወንጀለኛን ያስይዛል ወይ?



«ይህን ንብረት ላገኘ ወይም ያለበትን ላመለከተ ወሮታ እንከፍላለን።» ይህን ማስታወቂያ ያላነበበ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በደብረ ብርሃን የመብራት ምሰሶ ላይ ተለጥፎ፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጂድ በር ላይ ተነግሮ፣ አሁን አሁን ደግሞ በቴሌግራም ከነፎቶው ተለቅቆ እናገኘዋለን። ድሮ የሚፈለገው በአንኮበር ቆላ የጠፋ በሬ ወይም በቅሎ ነበር። ዛሬ ባጃጅ ነው፣ ሞተር ሳይክል ነው፣ የሱቅ ዕቃ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ሰው ታግቶ ቤተሰቡ «ያለበትን የሚያውቅ ካለ» እያለ የሚማጸንበት ጊዜ ላይ መድረሳችን ነው።

ታዲያ ይህ ወሮታ ይሠራል ወይ? ሌባው ይያዛል? የታገተው ይገኛል? ወይስ ገንዘቡ ሌላ በደል ይጠራል? በሸሪዓስ እንዴት ይታያል? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልከት። መጀመሪያ ግን እኔን ራሴን ያስተማረኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ከአንድ ክፍል የጠፋ ብር

መምህር በነበርኩበት ጊዜ ተማሪዎቼ ለክፍል መዋጮ ያሰባሰቡት 1,800 ብር ከመሳቢያ ጠፋ። እኔም ወጣትነትም ንዴትም ይዞኝ፣ «የወሰደውን ለጠቆመኝ 200 ብር እሰጣለሁ፤ ስሙንም አላወጣም» ብዬ በክፍሉ ፊት ተናገርኩ። በሁለት ቀን ውስጥ አምስት ቁራጭ ወረቀት ደረሰኝ። በአምስቱ ወረቀት ላይ የተጻፉት ስሞች አራት ነበሩ። ሁለት ጊዜ የተጻፈው ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ጫማው የተቀደደ ልጅ ስም ነው። ወሬው ከእኔ አፍ ሳይወጣ በክፍሉ ተዛመተ። ልጁ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቀረ።

እውነቱ የመጣው ከግቢው ጥበቃ ነው። እኒያ አዛውንት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያዩትን ያውቁ ነበር። ያልነገሩኝ ስለ ፈሩ ነው። አንድ ቀን ማታ ብቻዬን ሲያገኙኝ «መምህር፣ ስሜ አይነሳ እንጂ ብሩ ይቅርብኝ» አሉኝ። ብሩን የወሰደው ሰው በአምስቱ ወረቀቶች ላይ ስሙ ያልነበረ ሰው ነበር። 200 ብሩን ልሰጣቸው ብል አልተቀበሉኝም። ያ የገጠር ልጅ ግን ይቅርታ ጠይቄው ወደ ክፍል ቢመለስም ከዚያ በኋላ እጁን አውጥቶ ጥያቄ ሲጠይቅ አላየሁትም።

ይህ ትንሽ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን በትልልቆቹ ታሪኮች ውስጥም የሚደጋገመው ይኸው ነው።

ከአንኮበር ዘመን ጀምሮ

ወንጀለኛው ያልታወቀ ወንጀል ለአገራችን አዲስ አይደለም። አባቶቻችን ፖሊስ ባልነበረበት ዘመን የሚጠቀሙበት ዋናው መንገድ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባላል። ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲሰረቅ የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ያልመጣ ይቀጣል። የተሰበሰበው ሕዝብ የሰማውን፣ ያየውንና የሚጠረጥረውን በመሐላ እየተናገረ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሥራውን ትቶ ይቀመጣል። ወንጀለኛው ካልተገኘ አካባቢው በጋራ ይከፍላል። ስሙ እንዲነሳ የማይፈልግ ሰው ለሽማግሌ በሹክሹክታ ነግሮ ነገሩ «ወፍ ነገረኝ» ተብሎ የሚያልፍበት መንገድም ነበረ። ልብ በሉ፦ በአውጫጭኝ ለተናገረ ገንዘብ አይከፈልም። ዝምታ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ የተናገረውም ይሸሸጋል።

ሁለተኛው መንገድ ሌባ ሻይ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ የኖረው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ስለዚህ ልማድ በማስታወሻው ጽፏል። አንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ከዚያም በገመድ ተይዞ በየመንደሩ ይነዳል። ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን ይከፍላል። ማስረጃ የለም፣ ምስክር የለም፣ መከራከሪያም የለም። ገመዱን የያዘው ሰው ልጁን ወደ ወደደው ደጃፍ ሊመራው ይችላል። ይህ ልማድ በኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል።

ከአንኮበር ቁልቁል፣ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ በነበረችው በአልዩ አምባ ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ቅፍለቶች ያርፉ ነበር። የእነዚያ ነጋዴዎች ንብረት ከሌባ የሚጠበቀው ከሁሉ በላይ በመተማመን ነበር። ማን የማን ዋስ እንደሆነ ይታወቃል። የዛሬው ከተማ ያጣው ይህንን ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካውም ዩኒቨርሲቲውም ከየቦታው ሰው የሚሰበስብባት፣ በግጭት የተፈናቀሉ ወገኖቻችንም የተጠለሉባት ከተማ ሆናለች። ጎረቤት ጎረቤቱን በማያውቅበት ቦታ አውጫጭኝ አይሠራም። ሰዉ ወደ ገንዘብ ወሮታ የሚዞረውም ለዚህ ይመስለኛል።

ሕጋችን ምን ይላል?

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ስለ ጥቆማ ሦስት ነገሮችን አስቀምጧል። አንቀጽ 443 በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ፈጻሚውን እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ያላመለከተን ሰው ይቀጣል። አንቀጽ 444 በጠቋሚና በምስክር ላይ ጉዳት የሚያደርስን ይቀጣል። አንቀጽ 447 ደግሞ ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሰውን በሐሰት የሚወነጅልን ይቀጣል። እንግዲህ በከባድ ወንጀል ላይ መናገር ግዴታ ነው፣ የተናገረውን ማጥቃት ወንጀል ነው፣ በሐሰት መናገርም ወንጀል ነው።

ከዚህ ሌላ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። አዋጁ በከባድ ወንጀሎች ላይ ለጠቆሙና ለመሰከሩ ሰዎች ማንነትን መሸሸግን፣ አካላዊ ጥበቃን፣ መኖሪያን መቀየርን፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ መመስከርን የመሳሰሉ ጥበቃዎችን ይፈቅዳል። የወረቀቱ ሕግ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖር፣ ከጠቆመው ሰው ጋር አንድ ገበያ የሚውልና ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ገበሬ ጥበቃ ሲባል የሚታየው ወረቀቱ አይደለም። የሚታየው ማታ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ነው።

ገንዘብ ለጥቆማ የሚከፈልባቸው ሕጎችም አሉን። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሊረጋገጥ የሚችል የታክስ ስወራ መረጃ ላመጣ ሰው፣ ከተሰወረው ታክስ እስከ 20 በመቶ ወሮታ ይፈቅዳል። የሚከፈለው ግን ታክሱ ሲሰበሰብ ነው። በስወራው ውስጥ የተካፈለ ሰውና ማመልከት የሥራ ግዴታው የሆነ ሰው ወሮታውን አያገኙም። በ2015 መጀመሪያም ብሔራዊ ባንክ ሕገወጥ የውጭ ምንዛሪና የወርቅ ዝውውርን ለሚጠቁሙ ወሮታ እንደሚከፍል አስታውቆ ነበር።

በእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ወሮታ የሚሻል ውጤት የሚያመጣው ለምንድን ነው? ጥቆማው በሰነድና በቁጥር ስለሚረጋገጥ ነው። የሐሰት ጥቆማ ከሆነ ሂሳቡ ሲመረመር ይወድቃል፤ ክፍያም የለም። በግድያ፣ በእገታ ወይም በሌብነት ላይ ግን አንድ ስም ሲጠራ የሚመረመረው ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው። ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ እስሩም ስም መጥፋቱም አስቀድሞ ደርሶበታል።

የ10 ሚሊዮን ብሩ ማስታወቂያ

በአገራችን በቅርብ ዘመን ከታወጁት ወሮታዎች እጅግ የሚታወቀው በታህሳስ 2013 የተነገረው ነው። በትግራይ ጦርነት ወቅት የፌዴራል መንግሥት ይፈለጋሉ ያላቸው የሕወሓት አመራሮች ያሉበትን ለጠቆመ 10 ሚሊዮን ብር እንደሚሰጥ አስታወቀ። ይህ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ዕድሜ ልኩን የማያየው ገንዘብ ነው።

ውጤቱ ምን ነበር? በሚቀጥሉት ሳምንታት አቶ ስብሐት ነጋን ጨምሮ ጥቂት የታወቁ ሰዎች ተያዙ፤ የተገደሉም ነበሩ። ዋናዎቹ አመራሮች ግን አልተያዙም። ነገሩ የተቋጨው በወሮታ ሳይሆን በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ በተፈረመ ስምምነት ነው። የፖለቲካውን ፍርድ ለየራሳችሁ ልተወው። ለርዕሳችን የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው፦ የሚፈለገው ሰው በዘመድ፣ በደጋፊና በፍርሃት መካከል ከተቀመጠ የገንዘቡ መጠን ብቻውን በሩን አይከፍትም።

ይህ በእኛ ብቻ የታየ አይደለም። አሜሪካ በኦሳማ ቢን ላደን ላይ ያወጀችው 25 ሚሊዮን ዶላር ዓመታት አስቆጥሮ ለጠቋሚ ሳይከፈል ቀርቷል። በሌላ በኩል ራምዚ ዩሱፍ እ.ኤ.አ በ1995 ኢስላማባድ ውስጥ የተያዘው በአንድ ቀረቤታ ባለው ሰው ጥቆማ ነው፤ ወሮታም ተከፍሏል። የሳዳም ሁሴን ሁለት ልጆች እ.ኤ.አ በ2003 ሞሱል ላይ የተገኙትም በጥቆማ ነበር፤ ለጠቋሚው 30 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል። ወሮታ የሠራባቸውን ቦታዎች ስታዩ፣ ጠቋሚው የተፈላጊውን ቤት የሚያውቅና ከተናገረ በኋላ ከአካባቢው መሸሽ የሚችል ሰው ነው።

ወሮታ ሲበላሽ

እንግሊዝ ይህን ትምህርት በደም ተምራለች። እ.ኤ.አ በ1692 የመንገድ ሽፍታን አስይዞ ላስፈረደ ሰው 40 ፓውንድ እንዲከፈል ፓርላማው ደነገገ። ያን ጊዜ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ሌባ አዳኝ የሚባሉ ሰዎች ተፈለፈሉ። ከሁሉ የገነነው ጆናታን ዋይልድ የተሰረቀን ዕቃ ለባለቤቱ እያስመለሰ ወሮታ ይቀበል ነበር። ኋላ ሲጣራ ሌቦቹን ያሰማራው እሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ በ1725 ተሰቀለ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ወጣቶችን ወደ ወንጀል እያስገቡ፣ መልሰው እየጠቆሙ ወሮታ የሚበሉ ቡድኖች ተጋለጡ። ድንጋጌው እ.ኤ.አ በ1818 ቀረ። በዛሬው የእንግሊዝ ሕግም «ዕቃዬን ይመልስልኝ እንጂ ምንም ጥያቄ አልጠይቅም» ብሎ ለተሰረቀ ንብረት የወሮታ ማስታወቂያ ማውጣት ወንጀል ነው።

ይህ የእኛን ከተማ አያስታውሳችሁም? ስልክ ወይም ሞተር ሳይክል ሲሰረቅ «እኔ ላስገኝልህ፣ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ደላላ ብቅ ይላል። ባለቤቱ ዕቃው ይመለስልኝ ብሎ ይከፍላል። የከፈለው ለጠቋሚ መስሎታል፤ የከፈለው ለሌባው ነው። በእገታም እንዲሁ ነው። ቤዛ የሚከፍል ቤተሰብ ላይ ድንጋይ መወርወር አይገባም፤ ልጁ በአጋች እጅ ያለበት ሰው የሚያደርገውን ያጣል። ነገር ግን በመሃል ገብቶ ከቤዛው ድርሻ የሚቆርጥ «አገናኝ» ጠቋሚ ሳይሆን የወንጀሉ ተካፋይ ነው።

ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ከዚህ የከበደ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ ከ2001 ማብቂያ ጀምሮ አሜሪካ በአፍጋኒስታንና በድንበሩ አካባቢ የወሮታ ወረቀት ከአውሮፕላን በተነች። በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ለድሀ መንደር ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። የፓኪስታን ፕሬዚዳንት የነበሩት ፐርቬዝ ሙሻረፍ እ.ኤ.አ በ2006 ባወጡት የሕይወት ታሪካቸው አገራቸው 369 ሰዎችን ለአሜሪካ አሳልፋ እንደሰጠችና በወሮታ ሚሊዮኖች ዶላር እንዳገኘች ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የሴተን ሆል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ባለሙያዎች የመንግሥትን ሰነድ መርምረው፣ ከጓንታናሞ እስረኞች በአሜሪካ ኃይሎች የተያዙት 5 በመቶ ብቻ መሆናቸውን፣ 86 በመቶው ግን በፓኪስታን ወይም በሰሜን ኅብረት ተይዘው የተሰጡ መሆናቸውን አሳዩ። ከእነዚህ መካከል 22 ኡይጉር ሙስሊሞች ነበሩበት። አብዛኞቹ በወሮታ ምክንያት ተላልፈው የተሰጡ ናቸው። ጠላት ተዋጊ እንዳልሆኑ ከታመነ በኋላ እንኳ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የወጡት እ.ኤ.አ በ2013 መጨረሻ ነው። አንድ ሰው በተከፈለው ጥቂት ሺህ ዶላር የሌላው ሰው ዕድሜ አሥር ዓመት በላይ ተበላ።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ በ1976 በአሜሪካ አልበከርኪ ከተማ አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ወጣት ተገደለ። ምንም ፍንጭ ጠፋ። ግሬግ ማክኣሊዝ የተባለ መርማሪ ወንጀሉን በቴሌቪዥን በትወና አሳይቶ ስማችሁን ሳትናገሩ ደውሉ አለ። በ72 ሰዓት ውስጥ ተጠርጣሪዎቹ ተያዙ። ክራይም ስቶፐርስ የሚባለውና በብዙ አገሮች የተስፋፋው አሠራር የተነሳው ከዚያ ነው። በአሠራሩ ገንዘብም ስም አለመጠየቅም አለ። ደዋዩ ስሙን አይናገርም፤ የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ ከ1988 ጀምሮ በሚሠራው ተመሳሳይ ድርጅት ወሮታውን የሚጠይቁት ከጠቋሚዎቹ እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። ብዙኃኑ የሚፈልገው ብሩን ሳይሆን ስሙ እንዳይነሳ ነው። ልክ እንደ እኒያ ጥበቃ።

ከዚህ ሁሉ ተነስተን ወንጀል ሲፈጸም በዙሪያው ያሉትን ሰዎች በአራት ልንከፍላቸው እንችላለን።

አንደኛው፣ የሚያውቅና መናገር የሚፈልግ ነው። ለዚህ ሰው ገንዘብ አያስፈልገውም፤ የሚሰማው ጆሮና የሚደውልበት ስልክ ይበቃዋል። ሁለተኛው፣ የሚያውቅና የሚፈራ ነው። በእኛ አካባቢ ብዙው ይህ ነው። ቂምን ያውቃል፣ ደም መመለስን ያውቃል፤ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውንም ያውቃል። ለእሱ 5,000 ብር ከነፍሱ አይበልጥም። የሚፈልገው ምስጢር ጠባቂ ነው። ሦስተኛው፣ የሚያውቅና ከወንጀለኛው ጋር የጥቅም ትስስር ያለው ነው፤ የተጣላ ተባባሪ፣ የተሰረቀ ዕቃ የገዛ፣ ቤት ያከራየ። ወሮታ በእርግጥ የሚያነቃንቀው ይህን ሰው ነው። አራተኛው፣ የማያውቅ ነገር ግን ብሩን የሚፈልግ ወይም ቂም ያለበት ነው። ወሮታው በጨመረ ቁጥር የሚበዛው እሱ ነው።

ስለዚህ «ወሮታ ይሠራል ወይ?» ለሚለው መልሱ፦ ሦስተኛውን ሰው ሊያመጣ ይችላል፣ ለሁለተኛው ብቻውን አይበቃም፣ አራተኛውን ግን በእርግጥ ይጠራል የሚል ነው። ማጣሪያ ከሌለ የአራተኛው ጩኸት የሁለተኛውን ሹክሹክታ ይውጠዋል። በእኛ አካባቢ፣ ያለፉት ዓመታት ግጭት ባሳየን ሁኔታ የሰው ሃይማኖት ወይም ብሔር ብቻውን ጥርጣሬ በሚሆንበት ጊዜ፣ ያልተጣራ ጥቆማ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያባላ ይችላል።

በሸሪዓ ዓይን

ለተወሰነ ውጤት ወሮታ ማስነገር በፊቅህ ጁዓላ ይባላል። መሠረቱ በሱረቱ ዩሱፍ አንቀጽ 72 ይገኛል። የንጉሡ መስፈሪያ ሲጠፋ አስነጋሪው ለሚያመጣው አንድ የግመል ጭነት ሊሰጥ ቃል ገባ፤ ለክፍያውም ራሱን ዋስ አደረገ። የሻፊዒ፣ የማሊኪና የሐንበሊ መዝሀብ ሊቃውንት ጁዓላን ፈቅደዋል። የሐነፊ ሊቃውንት ግን ሠራተኛውና ሥራው በትክክል ስላልታወቁ አጥብበውታል። በታሪኩ ውስጥ ሁለት ነገር አስተውሉ። ወሮታው የተነገረው ዕቃውን ለሚያመጣ እንጂ ስም ለሚጠራ አይደለም። ዕቃው የወጣውም የሁሉም ሰው ጓዝ ተፈትሾ ነው።

ጥቆማ አንድ ነገር ነው፤ ምስክርነት ሌላ ነው። ብዙኃን ሊቃውንት መመስከር ግዴታው የሆነ ሰው በምስክርነቱ ዋጋ መቀበል አይፈቀድለትም ይላሉ። ምስክርነትን መደበቅ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 283 የተወገዘ ነው። እንግዲህ የጠፋን ንብረት ፈልጎ ለማግኘት ለደከመ ወሮታ ሊኖር ይችላል፤ ዳኛ ፊት የሚቆም ቃል ግን አይሸጥም። በሱረቱል ሑጁራት ደግሞ አንቀጽ 6 የመጣን ወሬ ማጣራትን ያዛል፣ አንቀጽ 12 ነውርን መሰለልን ይከለክላል። በዓይናችሁ ፊት የተፈጸመን በደል መናገር ስለላ አይደለም። ብር ለማግኘት የጎረቤትን ግድግዳ ማዳመጥ ግን ስለላ ነው። «የሙስሊምን ነውር መሸፈን» የሚለውም ሰው በራሱና በጌታው መካከል ለፈጸመው ኃጢአት እንጂ የሌላን ሰው ደምና ንብረት ለደፈረ ሰው መሸሸጊያ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዳይ የሆነን ወንድም መርዳት ከበደሉ በመያዝ እንደሆነ አስተምረውናል።

ወሮታ በበዳይ እጅም ይገባል። በሂጅራ ጊዜ ቁረይሾች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለሚይዝ አንድ መቶ ግመል አሳወጁ። ሱራቃ ኢብኑ ማሊክ ለዚያ ግመል ብሎ ፈረሱን ጋለበ፤ የፈረሱ እግር አሸዋ ውስጥ ሰጠመ፤ ደህንነት ለምኖ ተመለሰ፣ ኋላም ሰለመ። የመንገድ መሪያቸው የነበረው ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ግን በቁረይሾች እምነት ላይ ያለ፣ የጉዞውን ቦታና ቀን የሚያውቅ ቅጥር ሰው ነበር። አንድ መቶ ግመል አፉን አላስከፈተውም፤ አማና ይዞ ነበርና። ወሮታን የሚያሸንፍ መተማመን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዐብዱላህ ኢብኑ ሰህል ኸይበር ውስጥ ተገድሎ ሲገኝ ገዳዩ አልታወቀም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለወገኖቹ ሃምሳ መሐላ እንዲምሉ ሲያቀርቡላቸው «ባላየነው እንዴት እንምላለን?» አሉ። ነቢዩም ንጹሕ እንዳይጎዳ፣ ደሙም ከንቱ እንዳይቀር ጉማውን ከሰደቃ ግመሎች መቶ አድርገው ከፈሉ። ያላዩትን አለመማል ከወገን ደም ጋር እንኳ ተመዝኖ አሸነፈ።

ወሮታ ማስነገር ካስፈለገ

የመስጂድ ኮሚቴ፣ ዕድር ወይም ቤተሰብ ወሮታ ለማስነገር ቢወስን እነዚህን ቢጠብቅ መልካም ነው።

1. የሚከፈለውን መጠንና የሚከፈልበትን ውጤት በጽሑፍ ለዩ። «ንብረቱ ሲገኝ» ወይም «የታገተው በሰላም ሲመለስ» ይባል እንጂ «ስም ለሰጠን» አይባል።

2. ገንዘቡን የሚይዝ የታመነ ዋስ ይኑር። ቃል ተገብቶ ያልተከፈለ ወሮታ ቀጣዩን ጠቋሚ ዝም ያሰኘዋል። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ በ2017 በጥቆማ ከአንድ ሌጎስ አፓርትመንት 43 ሚሊዮን ዶላር ካገኘች በኋላ የጠቋሚው ክፍያ ወራት መፍጀቱ ብዙዎችን አስጠርጥሯል።

3. ጥቆማው ለአንድ ወይም ለሁለት ምስጢር ጠባቂ ሰዎች፣ በእነሱም በኩል ለፖሊስ ይድረስ። ማይክ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ የማንም ስም አይውጣ።

4. ሳይጣራ ምንም አይከፈል። ለተካፋይ፣ ለደላላና ማመልከት የሥራ ግዴታው ለሆነ ሰው አይከፈል።

5. የጠቋሚው ስም ከተከፈለውም በኋላ አይነሳ።

6. ተጠቋሚው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ጥርጣሬው በተሰማበት ቦታ ሁሉ ንጽሕናው ይነገርለት። ይህ ሐቁ ነው።

7. የተጠረጠረን ሰው ራስህ ይዘህ መደብደብ ወይም መቅጣት በሕግም በሸሪዓም የለም።

ወሮታ ከማስነገራችሁ በፊት ግን «ከእኛ መካከል የሚያውቅ ሰው ለማን ይነግራል? የነገረውስ ምስጢሩን ይጠብቅለታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «የለም» ከሆነ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ብር ሳይሆን ያንን ሰው ማግኘት ነው። የእኒያን ጥበቃ አፍ ያስከፈተው 200 ብሩ አልነበረም።

አላህ (ሱ.ወ.) የታገቱትን በሰላም ይመልስልን፤ የተበደለን ሐቅ ያውጣልን፤ ንጹሑን ከሐሰተኛ ምላስ ይጠብቅልን። አሚን።